የቃጠሎ ሠንጠረዥ

ሐሙስ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሌዘር መቁረጫው ዛሬ እጄ ገባ። ዱባይ የሚመላለስ የሰፈራችን ልጅ በሻንጣው ይዞት ገብቶ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከልኝ፤ ሐዋሳ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። 275 ኪሎ ሜትር ተንገጫግጮ የመጣ ካርቶን ነው፤ ጥጉ እንኳ አልተጎዳም። የተጎዳው ኪሴ ነው። ይህን ማሽን ሳስብ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ 100ን አልፎ ሄደ። ውጭ አገር ርካሽ የሚባለው መሣሪያ ሰፈሬ አቶቴ ሲደርስ ርካሽነቱን መንገድ ላይ ጥሎ ነው።

ሣጥኑ ላይ በትልቁ «40 ዋት» ተጽፏል። መመሪያው ውስጥ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «የብርሃን ኃይል 5.5 ዋት» ይላል። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። 40ው የሌዘሩ ራስ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ነው፦ 12 ቮልት በ3.3 አምፔር። 5.5ቱ በሌንሱ በኩል ወጥቶ እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ በትንሿ ቬንቲሌተር ይበተናል። ማሽን ልግዛ ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው ከዛሬ ጀምሮ የምነግረው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፤ የሣጥኑን ዋት ተውና የብርሃኑን ጠይቅ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

መገጣጠም። አራት የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ሁለት ሞተር ለቁመት፣ አንድ ሞተር ለአግድም፣ ጥርስ ያላቸው የጎማ ቺንጋዎች፣ አንድ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ከቁልፉ ጋር አንድ ከረጢት ብሎን። የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይቶ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩት። ሳቀብኝና ቀጠለ።

ጎረቤታችን አናጺው ጋሼ በአጥር በኩል አይተው ገቡ። ማሽኑን ዞሩት፤ ስለ ሌዘሩ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ዓይናቸው ያረፈው ክፈፉ ላይ ነው።

«ጎኑ ልክ ነው?»

«በስኳድራ ለክቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ስኳድራው ራሱስ ልክ ነው?» ብለው ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡ። ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ወጥረው ልኩ ላይ ቋጠሩት፤ ያንኑ ሲባጎ በሌላኛው ሰያፍ ዘረጉት። ቋጠሮው ከጥጉ በሦስት ሚሊ ሜትር ያህል አለፈ። አራቱን ብሎኖች አላልተን ክፈፉን በመዳፍ ገፋ ገፋ አደረግነው፣ እንደገና ተለካ፣ ገጠመ፣ ጠበቀ። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ሰያፉ 56.6 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይገባል። ጋሼ ይህን ቁጥር አያውቁትም፤ አያስፈልጋቸውምም። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ክፈፉ ልክ ነው፤ በቃ።

ከዚያ ጎማዎቹ። ሌዘሩን የሚሸከመው ጋሪ ዘንጉ ላይ የሚሄድባቸው ትንንሽ ጎማዎች አሉ፤ ከታች ያሉት መሐላቸው የተዛነፈ ዳዶ አላቸው፣ ሲያዞሩት ጎማው ወደ ዘንጉ ይጠጋል ወይም ይርቃል። ከላላ ጋሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከጠበቀ ሞተሩ ይታገላል። ልኩ ጎማውን በጣት ሲያሽከረክሩት እምቢ ሳይል፣ ግን ጋሪውን ይዞት ሲሄድ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ማሽኑን ከማብራቴ በፊት የክፍሉን ሕግ ጻፍኩና በሩ ላይ ለጠፍኩ። ይህ ሌዘር አራተኛ ክፍል ከሚባለው፣ ከመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ነው። ጨረሩ በቀጥታ ቀርቶ ከሚያብረቀርቅ ነገር ነጥሮ ዓይን ውስጥ ቢገባ፣ ዓይን እስኪጨፈን ጊዜ አይሰጥም። አብሮት የመጣው ብርቱካንማ መነጽር ላይ የሞገድ ርዝመትና የመከላከል ቁጥር ተጽፎ እንደሆነ አየሁ። የእኔ ሌዘር 450 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ቁጥሩ 5 ሲሆን የሚያልፈው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። የፀሐይ መነጽር እዚህ ምንም አይሠራም። እንዲያውም ጥቁሩ መስታወት የዓይንን ብሌን ያሰፋዋል።

ስለዚህ፦ ሁለት መነጽር አለ፣ ክፍል ውስጥ ከሁለት ሰው በላይ አይገባም። ማሽኑ እየሠራ ሰው ትቶት አይወጣም። ውሃ በባልዲ በቅርብ ይቀመጣል። መስኮቱ መጋረጃ ይኖረዋል፤ የመንደሩ ልጆች ሰማያዊ ብርሃን ካዩ መስኮቱ ላይ እንደሚሰፍሩ አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ማሽኑ ከላፕቶፕ ጋር ተዋወቀ። ሰሌዳው ላይ የተጫነው ጂአርቢኤል የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የተባለ ኖርዌያዊ በ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮት ለማንም በነጻ የለቀቀው። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ሌዘርጂአርቢኤል የሚባለውን፣ እሱንም በነጻ፣ ጫንኩ። ርካሽ ማሽን ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አእምሮውን የሠሩት ሰዎች ዋጋ አልጠየቁም።

የሞተሩ ሒሳብ ደስ ይላል። ሞተሩ አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ መቆጣጠሪያው እያንዳንዱን እርምጃ ለ16 ይከፍለዋል፤ 3,200። ዘንጉ ላይ ያለው ጥርሳም መዘውር 20 ጥርስ አለው፣ በጥርስና በጥርስ መካከል 2 ሚሊ ሜትር፤ ስለዚህ በአንድ ዙር ቺንጋው 40 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። 3,200 ለ40፣ 80 እርምጃ ለአንድ ሚሊ ሜትር። ሰሌዳው ላይም የተሞላው 80 ነው።

በትንሽ ኃይል 100 በ100 ሚሊ ሜትር ካሬ ካርቶን ላይ አሳልኩት። መስመሩ ከተነሣበት ጥግ ተመልሶ ሳይደርስ ቀረ፤ ክፍተቱ የጥፍር ጫፍ ያህላል። ደገምኩት፤ ክፍተቱ አለ፣ መጠኑ ግን ተለወጠ። ነገሩን የገለጠው ይህ መለዋወጥ ነው። ስሕተቱ ሁልጊዜ እኩል ቢሆን ኖሮ ሒሳብ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩን ማስተካከል ይበቃል። በየጊዜው የሚለያይ ስሕተት ግን ብረት ውስጥ ነው። የአግድሙን ሞተር መዘውር በፒንሳ ይዤ ነቅነቅ አደረግኩት፤ ዘንጉ ቆሞ መዘውሩ ብቻውን ዞረ። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብሎን ከፋብሪካ ሳትጠብቅ መጥታለች። ጠበቀች፤ ካሬው ገጠመ፤ በካሊፐር ሲለካ 100።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር ሲታጠን። ከጠዋት ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ተቃጠለ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን ብሎ የሚያውቀው፣ ሕዝቡን ከጨረሰ ወዲህ የዘለቀ ልማድ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሁሉም ደጅ ጭስ ከሰመ፤ የእኔ ክፍል ግን ቀጠለ። ፕላይውድ መቁረጥ ስጀምር የተነሣው ጭስ ሰማያዊና የሚኮሰኩስ ነው። ማዶ ያሉት እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ኧረ የእናንተስ ቤት ምን ቢያድርበት ነው እስካሁን የሚታጠነው?»

ለቀልድ የሚሆን ጭስ አይደለም። እንጨቱን ከእንጨት የሚያጣብቀው ኮላ ሲቃጠል ፎርማልዲሃይድ ይለቃል፤ ከራሱ ከእንጨቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። በማሽኑ ላይ ከካርቶንና ከቆርቆሮ ሣጥን ሠራሁለት፤ ከኋላው ቀዳዳ አውጥቼ፣ ቬንቲሌተር ገጥሜ፣ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ፣ ከእትዬ አጥር በተቃራኒው ወገን።

ሁለተኛው አየር ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባው ነው። ጨረሩ ባረፈበት ነጥብ ላይ ቀጭን ነፋስ ከተነፋ ጭሱ ከጨረሩ ፊት ይገፈተራል፣ ነበልባልም አይያያዝም፣ ቁርጡ ንጹሕ ይሆናል። ፍሪጅ ከሚጠግን ሰው ያገለገለ ኮምፕሬሰር ገዛሁ፣ ከጎሚስታ ቀጭን ጎማ። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ዘይት እንደሚተፋ መርሳት አይገባም፤ መንገዱ ላይ ጥጥ የሞላሁበት ጠርሙስ አስገባሁ። ያለ ነፋስ እንደ ከሰል ይጠቁር የነበረው ጠርዝ በነፋሱ የቡና ቀለም ሆነ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሁለት ፈተናዎች፣ ሁለቱም በጋሼ ቁርጥራጭ ጣውላ ላይ።

የመጀመሪያው የሌንሱን ልክ ከፍታ መፈለግ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣች የብረት መለኪያ አለች፤ በሌንሱና በእንጨቱ መካከል ይህን ያህል ይሁን ትላለች። ላምናትም ላላምናትም አልፈለግኩም። አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጌ ሰሌዳውን አዘነበልኩትና ከታች እስከ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አቃጠልኩ። መስመሩ ሁለት ጫፉ ወፍራም፣ መሐሉ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ቀጭኑ ያለበት ከፍታ የሌንሱ እውነተኛ ልክ ነው፤ ከብረቷ በአንድ ሚሊ ሜትር ይለያል። ብረቷን በብርጭቆ ወረቀት ሞርጄ አስተካከልኳት።

ሁለተኛው ሠንጠረዥ ነው። ወደ ጎን ኃይል፦ 20፣ 40፣ 60፣ 80፣ 100 በመቶ። ወደ ታች ፍጥነት፦ በደቂቃ 500፣ 1,000፣ 2,000፣ 3,000 ሚሊ ሜትር። ሃያ ትንንሽ ካሬዎች፣ እያንዳንዱ በየራሱ ልክ የተቃጠለ። ከዚህ በፊት የጂአርቢኤልን 32ኛ ቅንብር ወደ 1 መቀየር ያስፈልጋል፤ ያኔ ማሽኑ ጥግ ላይ ሲያዘግም ኃይሉንም አብሮ ይቀንሳል። ካልሆነ የየካሬው አራት ጥግ ጥቁር ነጥብ ይሆናል።

ዋንዛው ላይ ያሉት ሃያ ካሬዎች በአንድ እንጨት ውስጥ ብዙ እንጨት እንዳለ አሳዩኝ። የእንጨቱ ለስላሳ መስመር ጠልቆ ይቃጠላል፣ ጠንካራው ይቀራል፤ ካሬው በጣት ሲዳሰስ የታረሰ መሬት ነው። ዋንዛ ከመነሻውም ቀላ ያለ ስለሆነ ቀላል ቃጠሎ አይታይበትም። ነጭ ፕላይውድ ላይ ግን በ3,000 ፍጥነት 40 በመቶ እንኳ ግልጽ ጽሑፍ ይሰጣል። ከሲዳማ ደጋ የመጣ ቀርከሃ ደግሞ ቆዳው የሚያብረቀርቅ ስለሆነ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ቆዳው ሲነሣ በጥቂት ኃይል ይጠቁራል።

መቁረጡ ሌላ ነገር ነው። 3 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ፦ ኃይል 100፣ ፍጥነት 200፣ ከነፋስ ጋር፣ ሦስት ዙር። ከዚያው ሱቅ፣ ከዚያው ክምር የመጣ ሌላ ፕላይውድ ግን በሦስተኛው ዙር አንድ ቦታ ላይ ሳይበጠስ ቀረ። ገልብጬ ስሰነጥቀው መካከሉ ላይ ጥቁር ኮላ የጠነከረበት ቦታ አገኘሁ። ከላይ አይታይም። መመሪያው ላይ ያለው «3 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ» እኛ ገበያ ያለው ፕላይውድ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

የእህቴ ልጅ መቆረጥ የሚችል ነገር ሁሉ ሰብስቦ መጣ፦ መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቁራጭ፣ የወንበር ቆዳ።

ግልጹ ፕላስቲክ ላይ ጨረሩ ምንም አላደረገም፤ አልፎት ከሥሩ ያለውን እንጨት አቃጠለ። ትላልቆቹ ማሽኖች ይህንኑ ፕላስቲክ በቀላሉ ይቆርጣሉ፤ እነሱ የሚሠሩት ኩማር ፓቴል በ1964 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ በፈለሰፈው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። የሱ ብርሃን ለዓይን የማይታይ፣ ሞገዱም ከእኔው ሃያ እጥፍ የሚበልጥ ነው፤ ፕላስቲኩ ይውጠዋል። የእኔው ሰማያዊ ብርሃን ግን ለፕላስቲኩ እንደ መስኮት ነው፣ ያልፋል። ጥቁሩን ፕላስቲክ ግን ቆረጠው።

የማስታወቂያ ሰሌዳውንና የወንበሩን ቆዳ ማሽኑ ላይ ሳናስቀምጥ መረመርናቸው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልጠን መዳቡን በጋዝ እሳት ላይ እስኪቀላ አጋልነው፣ ፕላስቲኩ ላይ ጫን አድርገን መልሰን እሳት ውስጥ ከተትነው። ሁለቱም አረንጓዴ ነበልባል ሰጡ። ፍሬድሪክ ባይልሽታይን በ19ኛው መቶ ዘመን ያወረሰን ፈተና ነው፤ አረንጓዴው ክሎሪን አለ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ፕላስቲክ በሌዘር ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ሳንባንም የማሽኑንም ብረት ይበላል። ሁለቱም ከክፍሉ ወጡ። «የወንበሩ ቆዳ እውነተኛ ቆዳ ነው ብለው ነው የሸጡልን» አለ ልጁ። ሽቦው መለሰለት።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

መብራት ጠፋ፤ አንድ ሰሌዳ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ ማሽኑ ቆመ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ የት እንደነበረ አያውቅም፤ ሲበራ የቆመበትን ቦታ ዜሮ ነው ብሎ ይጀምራል። የእኔ ማሽን ጥጉን ራሱ ፈልጎ የሚያገኝበት ማብሪያ የለውም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክፈፉ ጥግ ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው እንጨት በብሎን አሰርኩ። ሥራ ሲጀመር ጋሪው እዚያ ተገፍቶ ይጠጋል፣ ሰሌዳውም ከዚያው ጥግ ይነሣል፤ መብራት ቢጠፋ ተመልሶ ያንኑ ዜሮ ማግኘት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ የሚፈልገው 12 ቮልት ነው፣ የባጃጅ ባትሪም 12 ቮልት ነው። የባጃጅ መካኒክ ጎረቤት ያገለገለ ባትሪ ከፊውዝ ጋር አበጀልኝ። የፍሪጅ ኮምፕሬሰሩ በባትሪ አይነሣም፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ጽሑፍ ብቻ፣ መቁረጥ የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

የመጀመሪያው የሰው ሥራ መጣ። ባትሪውን ያበጀልኝ መካኒክ ለባጃጆች ቀለም መንፊያ የሚሆን የተበሳ ካርቶን ፈለገ፦ የጎን ቁጥርና «ሐዋሳ» የሚል ጽሑፍ።

ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ ቦታ ካገኘ ቆይቷል፤ ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል፣ ዊንዶውስም በቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፊደል ይዞ መጣ። ሌዘር ላይ ግን ሌላ ፈተና አለ። አለን ሄርሺ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ውስጥ ያዘጋጃቸው፣ በአንድ መስመር ብቻ የሚጻፉ ፊደላት አሉ፤ ላቲን፣ ግሪክ፣ ሩሲያኛ፣ ጃፓንኛ ሳይቀር። ግዕዝ የለበትም። ስለዚህ እኛ የፊደሉን ዙሪያ ቀድተን ውስጡን እየሞላን ነው የምንጽፈው፤ ጊዜው ይበዛል።

መብሳት ሲሆን ደግሞ ዐይን ያለው ፊደል ሁሉ ችግር ነው። የ«ዋ» ሁለት ዐይኖች ዙሪያቸው ሲቆረጥ የሚይዛቸው ነገር የለም፣ ተበጥሰው ይወድቃሉ፤ ቀለም ሲነፋ ፊደሉ የተደፈነ ጠብታ ይሆናል። «ሐ» እና «ሳ» ክፍት ስለሆኑ ደኅና ናቸው። «መ»፣ «ቀ»፣ «ዐ» የሚይዝ ስም ያለው ሰው ቢመጣ እንደ «ዋ» ነው። ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን ወደ መስመር ቀይሬ በየዐይኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ድልድይ ተውኩ። ከቁጥሮቹም 0፣ 4፣ 6፣ 8 እና 9 ያንኑ ፈለጉ። መካኒኩ አንዱን ወስዶ ሰማያዊው ባጃጅ ላይ ነጭ ነፋበት፤ ራቅ ብሎ አየውና «ድልድዩ ከሩቅ አይታይም» አለ። ዋጋ ስንነጋገር ካርቶኑን እሱ ያመጣል፣ እኔ ሰዓቴን አስከፍላለሁ ተባባልን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ታኅሣሥ ገብርኤል ዘጠኝ ቀን ቀረው። ለንግሥ የሚመጣው እንግዳ ብዛት ከተማዋን ያጨናንቃታል፤ ሐይቅ ዳር ያሉ ሱቆች ከወዲሁ እያሰናዱ ነው። አንዲት ባለ ሱቅ 200 የእንጨት ቁልፍ መያዣ ጠየቀችኝ፤ ግማሹ የቆሮሶ ዓሣ፣ ግማሹ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ።

ዓሣው ቀላል ነው። አባ ኮዳው ግን ረጅም ቀጭን እግር አለው፤ የላይኛው የፕላይውድ መስመር አግድም ሲሆን እግሩ ገና ከሰሌዳው ሲወጣ ተቀነጠሰ። ሰሌዳውን አዙሬ መስመሩ በእግሩ ቁመት እንዲሄድ አደረግኩ፣ ሁለቱን እግሮችም አንድ አድርጌ 3 ሚሊ ሜትር አወፈርኩ። አሁን ኪስ ውስጥ ይኖራል።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁላት። አንዱ ተቀርጾና ተቆርጦ እስኪወጣ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። 50ው አምስት ሰዓት ነው፤ 200ው ሃያ ሰዓት፣ ያውም መብራት ካልጠፋ፣ ከማሽኑ አጠገብ ሰው ሳይለይ። ከሥራ መልስ ባለኝ ሰዓት 80 እችላለሁ አልኳት። «እህቴ፣ 200 ካልሽ ትልቁ ማሽን ያለው ቤት ሂጂ፤ እነሱ በአንድ ቀን ይጨርሱልሻል» አልኳት። 80ውን ወሰደች፣ ሁሉም አባ ኮዳ ይሁን ብላ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ሻሸመኔ ያለ ወዳጄ ያንኑ ማሽን ገዝቶ ደወለ። «ለ3 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ስንት ላይ ላድርገው?»

ቁጥሩ ምላሴ ላይ ነበር፦ 100፣ 200፣ ሦስት ዙር። ግን የሱ ፕላይውድ ሌላ ነው፣ ነፋሱም ሌላ፣ ሌንሱም አዲስ። በቁጥሩ ፋንታ የሠንጠረዡን ፋይል በቴሌግራም ላክሁለትና «ከእንጨትህ ቀንሰህ መጀመሪያ ይህን አቃጥል» አልኩት። ለቁራጩ ሳሳለት መሰለኝ፤ ተነጫነጨ። ማታ ተመልሶ ደወለ፤ የሱ በሁለት ዙር ይበጠሳል። የእኔን ቁጥር ይዞ ቢሠራ ኖሮ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ አንድ ዙር ያህል ጊዜና ጥላሸት በከንቱ ይከፍል ነበር።

እኔም ዛሬ የራሴን ደገምኩት። ሌንሱን በአልኮልና በጥጥ ጠርጌ አዲስ ሠንጠረዥ ካቃጠልኩ በኋላ ከኅዳሩ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ካሬዎቹ አንድ አይደሉም። ከንግሥ በፊት ለሚቆረጡት አባ ኮዳዎች የምጠቀመው የዛሬውን ነው። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ ሁሉ ከጀርባው የእንጨቱ ዓይነት፣ የተገዛበት ሱቅና ቀኑ ይጻፍበታል፤ ቀን የሌለው ሠንጠረዥ ለማገዶ ይሄዳል።